የጋሽ ደምሴ አሳና የቀኝ ክንፏ

ትናንት ጠዋት፣ ጋሽ ደምሴን ውሃ ወሰዳቸው አሉኝ። ታመው ነው ቢሉኝ፣ መኪና ነው ቢሉኝ አምን ነበር። ውሃ ግን አልዋጥልኝ አለ።

እዚህ ገጽ ላይ ጽፌ አላውቅም። የሰው ፎቶ አይቼ ነው የምወጣው። ግን ሁሉም "አዳልጧቸው ነው" እያለ ሲለጥፍ ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ደምሴ ደብረ ብርሃን እኛ ሰፈር የውሃ ፓምፕ ይጠግኑ ነበር። በልጅነታቸው ጎርፍ ሊወስዳቸው ደርሶ ስለነበር ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ውሃ ገብተው አያውቁም። ወንዝ እንኳ በድንጋይ ላይ የሚሻገሩት የሰው እጅ ይዘው ነው። አሳዋን የሠሩትም ለዚሁ ነው። "እኔ አልገባም፤ እሷ ትግባልኝ" ይሉ ነበር።

አሳዋ ውሃ ውስጥ የምትዋኝ ማሽን ናት። በአንኮበር መንገድ ገበሬዎቹ ሽንኩርት የሚያጠጡበት ኩሬ አለ። የታችኛው ቧንቧ በየጊዜው ይደፈናል፣ ምን እንደደፈነው ግን የሚያይ የለም። መጀመሪያ የሠሯት እንደ ቬንትሌተር በሚሽከረከር ነገር የምትሄድ ነበረች። ሣሩ ተጠመጠመባት፣ ጭቃውንም በጠበጠችው። በረዥም ሽቦ እስከ ዳር የተያያዘችው ካሜራዋ ከድፍርስ ውሃ በቀር ምንም አላሳየችም።

ከዚያ በኋላ አንድ እውነተኛ አሳ ከወንዝ አስይዘው ሳፋ ውስጥ ጨመሩና፣ ሱቃቸው በር ላይ ቁጭ ብለው ሳምንት ሙሉ ሲያዩት ከረሙ። ሰው አብደዋል አለ። ሁለተኛዋን፣ ከጀሪካን የሠሯትን ሲጨርሱ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ቆም አሉና "ደምሴ፣ ይቺስ የጾም ናት የፍስክ?" አሏቸው። "የጾም ናት፣ ከባትሪ በቀር አትቀምስም" ብለው መለሱላቸው።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ በእናቴ የስፌት መኪና ልብስ እሰፋለሁ። አንድ ቀን ከመነዳሪ የሚባለውን የጎማ የውስጥ ላስቲክና የአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ይዘው መጡና፣ ላስቲኩን በሽቦዎቹ ላይ ወጥሬ እንድሰፋላቸው ጠየቁኝ። እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ክንፍ ነው። አሳዋ በጅራቷ ወደፊት ትሄዳለች። ባለችበት እንድትዞር፣ ወደ ኋላ እንድትመለስ፣ ጭቃውን ሳትነካ እንድትቆም የሚያደርጓት ግን የጎን ክንፎቿ ናቸው።

"ጅራት ይገፋል" አሉኝ ሳፋው ላይ አጎንብሰው። "የሚያስበው የጎኑ ክንፍ ነው። እንዳንቺው ድምፅ የለውም።"

ዝምታዬን እንደዚያ ያየልኝ ሰው የለም።

ልቅሶ ቤት ቁጭ ብዬ ሰው ሳዳምጥ ነው ጥርጣሬ የገባኝ። አንዱ ድንጋይ ከዳቸው አለ። ሌላው ገመዱ ጎተታቸው አለ። ከኩሬው ሰዎች አንዱ፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ገበሬ፣ ማንም ሳይጠይቀው አራት ጊዜ "አዳልጧቸው ነው" አለ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ አሳዋ ክንፏ ተገንጥሎ ስትጠፋባቸው ሊያወጧት ገብተው ነው አሉ።

ያን ክንፍ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የቀኙ ክንፍ ተቀዶ አምጥተውልኝ ነበር። ናይለን ክር አልቆብኝ ነበር። አያቴ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ሲጠግኑ እንደሚያደርጉት፣ ተራ የጥጥ ክር በጧፍ ሰም አሸሁና ሰፋሁበት። አልነገርኳቸውም። እሳቸውም ዳበስ አደረጉትና "ጎበዝ" ብለውኝ ሄዱ።

ከሁሉም በላይ የጠረጠርኩት እንግዲህ ራሴን ነው። ያቺ ክር ከበሰበሰች ገዳያቸው እኔ ነኝ።

ከቀብር መልስ ሰው ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ ቀስ ብዬ ወደ ሱቃቸው ገባሁ። አሳዋን ከኩሬው ያመጧት ሰዎች በጆንያ ጠቅልለው መደርደሪያው ላይ አስቀምጠዋት ነበር። ክንፏን ስፌት በስፌት በጣቴ ሄድኩበት። አንድም አልተፈታም። ሰሙ እንኳ አለ።

ከዚያ የካሜራዋን ሽቦ አየሁ። ጋሽ ደምሴ ሽቦ ሲጠቀልሉ እንደ ስምንት ቁጥር አድርገው ነው፣ መሃሉን በቀይ ጨርቅ ያስሩታል። ሌላ ሰው እንዲያ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ሽቦው እንደዚያው ሆኖ ታስሯል። አሳዋ ወጥታለች ማለት ነው። ሽቦዋን በእጃቸው ጠቅልለው፣ ሥራቸውን ጨርሰው ኩሬው ዳር አስቀምጠዋታል። ታዲያ ለምን ገቡ?

ተመልሼ ያን ገበሬ በደንብ አየሁት። ሱሪው አጥሮታል፣ የተዋሰው የሰው ነው፤ የራሱ ርሷል ማለት ነው። መዳፉ በገመድ ተልጧል።

ለእንግዳ ውሃ ማዞር የኔ ሥራ ነበር። ኩባያውን ስሰጠው በቀስታ "ወንድሜ፣ መጀመሪያ የገባኸው አንተ ነህ?" አልኩት። በሕይወቴ የማላውቀውን ሰው ጠይቄ አላውቅም።

ኩባያውን ተቀበለኝ። ከዚያ ነገረኝ። አሳዋ ቧንቧው አፍ ላይ የተወሸቀ የማዳበሪያ ጆንያ አሳየቻቸው። ጋሽ ደምሴ አሳዋን አውጥተው ሽቦዋን ካሰሩ በኋላ፣ እሱ "እኔ አወጣዋለሁ" ብሎ ዘሎ ገባና እግሩን ጭቃ ያዘው። ሲጮህ ከሁሉም ቀድመው ገመድ ይዘው የገቡት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ገመዱን እጁ ላይ ጠመጠሙለት፣ ሌሎቹ ከዳር ጎተቱት። ዞር ብሎ ሲያይ እሳቸው የሉም።

"ውሃ እንደሚፈሩ አላውቅም ነበር" አለኝ።

ኩባያውን አስቀመጠና ተነስቶ ወደ ባለቤታቸው ሄደ። ከመሄዱ በፊት ልጻፈው ወይ ስለው፣ ስሜን ብቻ ተይው አለኝ። ትቼዋለሁ።

ጋሽ ደምሴ፣ ክሩን ሳልነግርዎ ቀይሬዋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይዟል። ሰሙን አይተው ዝም ብለውኝም ይሆናል፤ አሁን እሱንም እጠረጥራለሁ።

አልገባም ይሉ ነበር። ከእንግዲህ እንዲህ የሚል ሰው አላምንም።

ደህና ይሁኑ ጋሽዬ። እግዚአብሔር ከውሃ የራቀ፣ ደረቅ ቦታ ያሳርፍዎት።