ሜትሩንስ ማን ለካው?

የኮምፒውተር ጠጋኙን ሰፈርተኛው «ልለካው» ይለዋል። ሳይለካ የሚያምነው ነገር የለም። ሚስቱ ሻዩ ፈልቷል ብትለው ቴርሞሜትር ያነሳል፤ «እወድሃለሁ» ያለችው ዕለት መለኪያ አጥቶ ሳምንት ሙሉ ሲብሰለሰል ከርሟል።

የሚስቱ ታናሽ እህት የልጆች ፊልም ትስላለች። የሁለት ዓመት ሥዕሏ ያለው አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ቅጂ የለውም፣ ማስረከቢያው ደግሞ ዓርብ ነው። ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚቀልበው ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ አንዱ አልበቃው ብሎ ድርግም እያለ ቢያስቸግራት፣ ሁለተኛ ገዝታ መጣች።

«ጋሼ፣ አንድ ላይ እሰርልኝ።»

ልለካው አዲሱን አገላበጠው፣ መዘነው፣ ነቀነቀው። «ቀለል አለኝ» አለ፣ ሌባ እንደያዘ ሰው።

አስተሳሰሩ ግን እንከን አልነበረውም። ጥቁሩን ሽቦ ከጥቁሩ፣ ሁለቱ እኩል እንዲነሱ አረንጓዴውን ከአረንጓዴው አገናኘ። ቢጫውን ከቢጫው አላስነካም።

«ጎረቤታሞች ናቸው» አላት። «ግቢ ይጋራሉ፣ ድስት አይጋሩም። አሮጌው ዋናውን ቦርድ፣ አዲሱ የሥዕሉን ካርድ ይቀልባል። ቢጫና ቢጫ ከተነካኩ ሲገፋፉ ተያይዘው ይነድዳሉ።»

ኮምፒውተሩን ከመሰካቱ በፊት የአዲሱን ቢጫ ሽቦ በቮልት መለኪያ ሜትሩ ለካ። አሥራ ሁለት ቮልት መሆን የነበረበት አሥራ አራት አለ።

«ሻጩ ሊያቃጥልሽ ነው።»

ሄዳ ቀየረች። አሥራ አራት። ከሌላ ሱቅ አመጣች። አሥራ አራት። ከሦስተኛው ሱቅ ያመጣችውም ያው።

«ከተማው ተመሳጥሯል» አለ። አሮጌውንም ቢለካው አሥራ አራት ሆነ። «አየሽ፣ ይሄንንም አባለጉት።»

ልጅቷ እንባ አቀረረች። ነገ ዓርብ ነው።

ሚስቱ ከካውያዋ ቀና ሳትል፣ «ሜትሩንስ ማን ለካው?» አለች።

«ሃያ ዓመት አብረን ኖረናል።»

«ከእኔም ጋር ሃያ ዓመት ኖረሃል፤ እኔን ግን በየቀኑ ትለካኛለህ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ልለካው እያጉረመረመ ከእሽጉ ያልወጣ የሰዓት ድንጋይ ፈትቶ ለካ። አንድ ተኩል ቮልት መሆን የሚገባው ወደ ሁለት ተጠግቷል። የሜትሩ ባትሪ ደክሞ ቁጥር እያጋነነ ኖሯል። የባትሪ መድከም ማስጠንቀቂያው የሚታይበትን የተሰነጠቀ የሜትሩን ጥግ በፕላስተር የሸፈነው ራሱ ነበር።

ባትሪውን ቀየረ። አዲሱ አሥራ ሁለት፤ አሮጌውም አሥራ ሁለት። ኮምፒውተሩን ሰካና ከበሩ ሆኖ በመጥረጊያ እንጨት ማብሪያውን ተጫነ። ስክሪኑ በራ፤ ልጅቷ የሳለቻት ዶሮ ክንፏን እያራገበች አለፈች።

ልለካው ሦስቱን ሻጮች ይቅርታ ሊጠይቅ ጃኬቱን አጠለቀ። ከደፍ ተመልሶ ግን ያረጀውን ባትሪ ኪሱ ከተተ።

«ማስረጃ ሳልይዝ ማን ያምነኛል?»