አራት ወራሾች በአንድ መስመር

ሰቆጣ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ሥራዬ የመሬት ይዞታ ደብተር በኮምፒውተር ማተም ነበር። መዝገቡ ውስጥ እያንዳንዱ ባለይዞታ የራሱ ረድፍ አለው፤ ደብተሩ ላይ ግን ለስም የተተወችው ቦታ አንዲት መስመር ናት። ስለዚህ የሚታተመው የመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ነው። እህትና ወንድም በጋራ በያዙት መሬት ደግሞ መጀመሪያ የሚመዘገበው ታላቅ ወንድም ነው።

ከአምደወርቅ አካባቢ አንዲት እናት መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው ናቸው፤ ከሦስት ወንድሞቻቸው ጋር ከወረሱት መሬት ሌላ የላቸውም። ለእርማት የተላከውን ናሙና የቀበሌው ጸሐፊ አንብቦላቸው የሳቸው ስም እንደሌለ ሰምተዋል።

«ሰኞ ደብተሩ ሲታደል ስሜ ከሌለ፣ ከዚያ ወዲያ ወንድሞቼ መሬቱን አያስረግጡኝም» አሉኝ።

ኃላፊዬ ጣጣ አይወድም። በታላቅየው ስም አትመሽ ስጪ፣ የቀረውን በሽማግሌ ይጨርሱት አለኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። አንድ ቀን እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት፤ እየሳቀብኝ ሰጠኝ።

የአንድን ይዞታ ረድፎች ተከትሎ ስሞቹን በመደመር ምልክት የሚቀጥል፣ በመካከላቸውም ነጠላ ሰረዝ የሚያስገባ ትእዛዝ ኤስኪውኤል በሚባለው የኮምፒውተር መዝገብ መጠየቂያ ቋንቋ ጻፍኩ። የብዙ ቤተሰብ ስም አምሮ ተሰካክቶ ወጣ። የሳቸው መስመር ግን ባዶ ሆነ፤ ወንድሞቻቸው እንኳ የሉም። ክው አልኩ።

ረድፎቹን አንድ በአንድ ሳይ ጉዱን አገኘሁት። መዝጋቢዎቻችን ወንዶቹን እስከ አያት ይጽፋሉ፤ ለሴት ሲሆን ምን ያደርግላታል ብለው የአያቱን ቦታ ሳይሞሉ ያልፉታል። አያታቸው እኮ አንድ ነው! ለኮምፒውተሩ ደግሞ ካልተሞላ ነገር ጋር የተደመረ ሁሉ እንዳልተሞላ ይቆጠራል። የእናትየዋን አያት ስም ሲያጎድሉ፣ እሳቸው ወንድሞቻቸውንም ይዘው ጠፉ። ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ያልተሞላውን እንደ ባዶ ቃል ቁጠረው የምትል አጭር ትእዛዝ ጨመርኩ፤ አራቱም በአንድ መስመር ተሰልፈው ወጡ። ኃላፊዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየና ሁሉም እንዲህ ይታተም አለ። እንደዚያን ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

ሰኞ እሳቸውና ታላቅ ወንድማቸው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

«ጮክ ብለሽ አንብቢው ልጄ፣ እሱም ይስማ» አሉኝ።

አነበብኩ። የሳቸው ስም አራተኛ ነበር። ወንድማቸው ደብተሩን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ፤ እናትየዋ ግን ቀደሙና ተቀብለው በነጠላቸው ጠቀለሉት።

«እኔ ዘንድ ይቀመጣል» አሉና ወጡ።