ርስት ልትሟገት መጣች

«ስለ ዋግ ገበሬ የተጻፈ ነገር የለም። በምን ማስረጃ ትጽፊያለሽ?» አሉኝ አስተማሪዬ።

ኮሌጅ ውስጥ ታሪክን ከሕግና ከቋንቋ ጋር አዳብለን እንድናጠና የተመረጥን ጥቂት ተማሪዎች ነበርን፤ ሴት እኔ ብቻ። የመመረቂያ ጽሑፋችን ሦስቱንም ማገናኘት ነበረበት። የእኔ ርእስ የሰቆጣ አካባቢ ሰው ርስቱን በዘር ቆጠራ እንዴት እንደሚያስረዳ ነበር።

«ሰዎቹ አሉ አይደል? እጠይቃቸዋለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ከዕረፍት ስትመለሺ ይዘሽ ነይ። ካጣሽ ግን ከቤተ መጻሕፍቱ የአንድ የውጭ አገር መንገደኛ መጽሐፍ እሰጥሽና በዚያ ላይ ትጽፊያለሽ።»

መንገደኛ በበቅሎ ሲያልፍ ያየውን አገሬን እኔ ልገልብጥ? ሞቼ ነው! እስከ ኮረም በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ ጨርቅ ከጫኑ ነጋዴዎች ጋር በእግሬ ገሰገስኩ።

ያረፍኩት ከሰቆጣ አለፍ ብሎ ባለው መንደራችን፣ አጎቴ ቤት ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ የአባቴን ድርሻ የሚያርሰው ይኸው ታላቅ ወንድሙ ነው። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና ገና እራት ላይ ጀመርኩ።

«አጎቴ፣ ዘራችንን ከአቅኚው አባት ጀምረው ይቁጠሩልኝ። ልጽፈው ነው።»

የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አኖረው። «ማን ላከሽ?»

«ኮሌጅ።»

«ኮሌጅ መሬት ምን ይሠራለታል?»

ጥፋቴ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በእኛ አገር ለማወቅ ብሎ ዘር የሚጠይቅ የለም። አገሩን መጀመሪያ ካቀናው ሰው መወለዱን ቆጥሮ ያስረዳ ወንድም ይሁን ሴት መሬት ይደርሰዋል። ስለዚህ ቆጠራ የሚጠይቅ ሰው ሊከስ የተዘጋጀ ሰው ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ተምሬ ፈተና ወድቄበት አላውቅም፤ እራት ላይ ግን ረሳሁት።

በማግስቱ መንደሩ ሁሉ «ርስት ልትሟገት መጣች» ይል ጀመር። ምንጭ ስወርድ አንዷ፣ «ነገረ ፈጅ መጣች፣ እንስራችሁን ያዙ!» ብላ ሴቶቹን አሳቀችብኝ። አንድ ቄስ ብጠይቅ፣ «ልጄ፣ እኔ የማውቀው ዳዊቴን ነው» ብለውኝ ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ።

አጎቴ ግን መላ አመጣ። «ዋስ ጥሪና፣ ከአባቴ መሬት አልደርስም ብለሽ በሽማግሌ ፊት ማዪ። ያን ጊዜ እስኪመሽ እቆጥርልሻለሁ።»

አንዲት መሐላ ብቻ ነበረች። ሞፈር ጨብጬ አላውቅ፣ ወደፊትም አልጨብጥ፤ ጽሑፌ ደግሞ ያልቅልኛል። ቢሆንም አፌ እምቢ አለኝ።

«አልምልም» አልኩ። «ማረስዎን ይቀጥሉ፤ የሚነካዎት የለም። ድርሻዬን ግን በገዛ አፌ አልክድም።»

«እኔም በገዛ አፌ አልቆጥርም!»

ደግ። የአጥቢያው ዳኛ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወይራ ሥር እንደሚያስችል ሰማሁ። በዚያ ሰሞን ከማዶ ያሉ ዘመዶቻችን እርስ በርሳቸው ስለ አንድ ማሳ ይሟገቱ ነበር። እዚያ ቆጠራ ምሥጢር አይደለም፤ ተሟጋች ሁሉ ሕዝብ እየሰማው ይቆጥራል። ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና እርሳሴን አወጣሁ።

«አንቺ ደግሞ የማን ወገን ነሽ?» አሉኝ ዳኛው።

«የማንም። ሰሚ ነኝ።»

«እንግዲህ ሰሚም ተማሪ ቤት ይማራል?» አለ አንዱ፤ ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ከሳሹ ንዴት ሲይዘው አማርኛውን ትቶ በኽምጣኛ ቆጠረ። ያደግኩበት ቋንቋ ነውና እንደወረደ ጻፍኩት። ተከሳሹ ተነሣና ከሳሽ በኩር ያለውን አያት፣ «እሱማ ልጅ ሳይወልድ የሞተ ነው» አለ። ያንንም ጻፍኩ። በክፍል ውስጥ ሁለት ማስረጃ ሲጋጭ አንዱን ጣሉ እንባል ነበር። እዚህ ግን የምጽፈው ግጭቱን ራሱን መሆን አለበት አልኩ፤ ማን ምን አለ፣ እንደዚያ ቢቆጠርስ የትኛው ማሳ ይገባዋል? በአንድ ነገር ብቻ ሁለቱም ተስማሙ፦ የአጎቴ ወገን የመጣው ከአቅኚው ታናሽ ልጅ ነው፤ ክብሩ ደግሞ የበኩሩ ወገን ነው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ። ጠዋት አጎቴ አውድማ ላይ መጣብኝ።

«የእነሱን ጽፈሻል አሉ።»

«ጽፌያለሁ።»

«እኛን ከታናሹ አስወልደው?»

«እንደዚያ ነው ያሉት።»

«ውሸታሞች! አንቺስ ዝም ብለሽ ትጽፊያለሽ?»

«የሚያርመኝ አጣሁ። ምን ላድርግ?»

ስለ መሐላው አንድ ቃል ሳያነሣ ዞሮ ሄደ። ሁለት ጎረቤት ሽማግሌዎች ይዞ ተመለሰ፤ ምስክር የሌለው ቆጠራ ለእሱ ቆጠራ አይደለም። ገለባው ላይ ተቀመጡና ጀመረ። ከአቅኚው ወደ በኩሩ፣ ከበኩሩ ወደ ሴት ልጁ፣ ከእሷ ወደ ልጇ፣ እርሳሴ እስኪያቅታት ድረስ አወረደው። እንዲደግመው ስጠይቀው እየተቆጣ ደገመ። አያቴ ዘንድ ደረሰ፤ ራሱን ጠራ፣ አባቴን ጠራ። እዚያ ላይ አቆመ።

«ከአባቴስ በኋላ?»

«እሱንማ ታውቂው የለ? ጻፊው።»

«የምጽፈው እርስዎ ያሉትን ነው። ዘሩ እዚህ ላይ ተቋረጠ ልበል?»

አንደኛው ሽማግሌ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ያዘችህ!» አሉ።

አጎቴ ሁለቱን ምስክሮች ተራ በተራ አያቸው። በእነሱ ፊት የተቆጠረ ሰው ድርሻ እንዳለው ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ከአባቴ ቀጥሎ ስሜን ጠራ። ጻፍኩት።

«አሁን ጠገብሽ?» አለኝ።

«ገና ነው። ማዶዎቹ በኩርነታችሁን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ መስማት አለብኝ» አልኩና ገለባዬን አራግፌ ቁልቁል ወረድኩ።