ለጎረቤቴ «ቲምቡክቱ» አልኳት

ዛሬ ጠዋት ዘንቢሌን ይዤ ስወጣ ጎረቤቴ እቴነሽ በአጥሩ በኩል «ወዴት ነሽ?» አለችኝ። ሳላስበው «ቲምቡክቱ» አልኳት።

«እሱ ደግሞ የት ነው? ዘመድ አለሽ እንዴ?»

«ገበያ ነው» ብያት አለፍኩ።

ቃሉን ያመጣችው ልጄ መቅደስ ናት። ካረፈች ዓመት አልፏል። ደምበጫ እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። በእንግሊዝኛ አንድ ቦታ በጣም ሩቅ ነው ለማለት ቲምቡክቱ እንደሚባል ነገረችኝ። ማሊ ውስጥ ያለ ከተማ ነው፤ ሰው ይኖርበታል።

«ታዲያ የቲምቡክቱ ሰዎችስ ሩቅ ለማለት የማንን አገር ይጠራሉ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ደምበጫ ነዋ፣ እማዬ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ፣ ገና ከበር «ከቲምቡክቱ ገባሁ» ትል ነበር። እኔም ለጨው ሱቅ ስወጣ ቲምቡክቱ ደርሼ ልምጣ እላት ነበር።

ዛሬ ገበያው መሀል ቆሜ አሰብኩት። ይህን ቃል የምናውቀው ሁለት ነበርን። አሁን ደብረ ማርቆስ ውስጥ እኔ ብቻ ቀረሁ።

የሄድኩበትን ረስቼ ባዶ ዘንቢል ይዤ ተመለስኩ። ያየኝ ሰው እውነትም ከሩቅ አገር የመጣሁ ሳይመስለው አይቀርም።

ለዚህ ነው የጻፍኩላችሁ። መንገድ ላይ ስታገኙኝ «ከቲምቡክቱ ነው?» በሉኝ። ይገባኛል።

እናንተስ፣ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ የምትነጋገሩበት ቃል ነበራችሁ? ጻፉልኝ። ቀስ ብዬም ቢሆን ሁሉንም አነባለሁ።