በጀርባ መዝለል

መቱ አጠገብ ባለችው ሁሩሙ የስፖርት መምህርት ሆኜ ስመደብ ከፍታ ዝላይን የማውቀው በወረቀት ነበር። ኮሌጅ ሳለን ፍራሽ ስላልነበረ በጀርባ የሚዘለለውን ስልት ከሥዕል ላይ አጥንተን በጽሑፍ ተፈትነን አለፍን።

ተማሪዎቼ የሚዘሉት በመቀስ ነው፤ በጎን ሮጠው አንዱን እግር ያሳልፉና ሌላውን ያስከትላሉ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ከሁሉም ትበልጥ ነበር። እሷን በጀርባ ላስተምር ተነሳሁ። ከቡና መፈልፈያው ገለፈት ለምነን በጆንያ ሞላንና ለማረፊያ ደራርበን አሰርነው። ዘንጋችን ቀርከሃ ነበር።

ሩጫው መጨረሻው ላይ እንደሚታጠፍ፣ ከዘንጉ በራቀው እግር እንደሚነሱ፣ አየር ላይ ጀርባ ሰጥተው ወገብን ወደ ኋላ እንደሚለጥጡ አስረዳኋቸው። ልጅቷ ሰምታ ስታበቃ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ዘለውት ያውቃሉ?» አለችኝ።

አላውቅም አልኩ። ከዚያ በኋላ ቆሞ ማውራት አልሆነልኝም። ቀርከሃውን ወገቤ ድረስ አስወርጄ ሮጥኩ። መጀመሪያ በዳሌዬ ጣልኩት። ሁለተኛውን አለፍኩ፤ ግን ከጆንያው ጠርዝ ላይ ወድቄ የእጄ አንጓ አበጠ። ተማሪዎቹ ሳቃቸውን አፍነው አነሱኝ። እሷ አልሳቀችም። በኦሮምኛ፣ «ወደ ቀርከሃው እንጂ ወደ ላይ አልዘለሉም» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ኮሌጅ ሳለሁ ያልገባኝ ይኸው ነበር።

በስድስት ሳምንት ውስጥ ከአገጯ በላይ የተሰቀለውን ዘንግ በጀርባዋ ታልፍ ጀመር።

ለዞኑ ውድድር መቱ ስንደርስ ማረፊያው የተቆፈረ አሸዋ ሆኖ አገኘነው። ዳኛውን ፍራሽ እንዳለ ጠየቅኩ፤ የለም አሉኝ። ወደ ልጅቷ ተመልሼ በመቀስ እንድትዘል ነገርኳት።

«ስድስት ሳምንት ለምን ደከምን ታዲያ?»

«አሸዋ ላይ በአንገትሽ ብትወድቂ ለእናትሽ ምን ልበላት?»

ሄዳ ተሰለፈች። ስትሮጥ ግን የድሮው ሩጫዋ አልነበረም፤ ታጥፋ መጣች፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት እርምጃዎች አፈጠነች፣ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ተነስታ በመቀስ አለፈች። ከዚያ በፊት ዘልላው ከምታውቀው አራት ጣት የሚሆን ጨመረች። ሁለተኛ ወጣች። ለክልል የሚያልፈው አንደኛ የወጣው ብቻ ስለነበር የእኛ ውድድር እዚያው አበቃ።

ወደ ሁሩሙ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ቦታ ይዤላት ነበር፤ አልፋኝ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንድ ሳምንት ልምምድ አልመጣችም። ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ቱታዋን ለብሳ መጥታ ሩጫዋን በእርምጃ ትለካ ጀመር። እኔም ቀርከሃውን ሰቀልኩላት።

አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ ውድድር ላይ የዘለለችው በመቀስ ብቻ ነው። ዛሬም፣ መቱ ፍራሽ ቢኖር ኖሮ የት ትደርስ ነበር እያልኩ አስባለሁ። በጀርባ እንዳትዘል በመከልከሌ ግን ተጸጽቼ አላውቅም።