ባዳ የሰጣት የእግር ማሳረፊያ

ሰውየው የወንበር ሰው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአውቶቡስ፣ የቢሮና የሲኒማ ቤት ወንበር ሲያለብስ ኖሯል። ቆዳ ይቆርጣል፣ ስፖንጅ ይሞላል፣ ይወጥራል፣ ይሰፋል፤ ሰፈርተኛውም "ወንበር አልባሹ" እያለ ነው የሚጠራው። ሰው ወደ ወርክሾፑ ገብቶ ሲቀመጥ ከፊቱ በፊት አቀማመጡን ያያል። ወገቡን የሚያመው፣ የኋላ ኪሱ ውስጥ ወፍራም ቦርሳ የያዘው፣ ለመሄድ የቸኮለው የቱ እንደሆነ ሳይነግሩት ያውቃል።

ሚስቱንም ያገኛት በዚሁ ዓይኑ ነው። ሆስፒታሉ የላብራቶሪውን ወንበሮች እንዲያድስ ጠርቶት ሲሄድ፣ አንዲት አጭር ሴት ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅራ አገኘ። እግሮቿ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብለው ተንጠልጥለዋል። አንዱ ጫማዋ ወልቆ ወድቋል፤ እሷ ልብም አላለችው። ወንበር አልባሹ ከእግሯ እስከ መሬት ያለውን ቁመት በዓይኑ ለካ። በማግስቱ ከላይ ስፖንጅና ቡናማ ቆዳ ያለበሳትን ትንሽ የእንጨት መርገጫ ይዞ መጣና፣ ጎንበስ ብሎ ከእግሯ ሥር አስገባላት።

"ይሄ ከታዘዝከው ሥራ ውስጥ የለም" አለችው።

"የለም።"

"ታዲያ ማን አዘዘህ?"

"እግርሽ" አላት።

ዓመት ሳይሞላ ተጋቡ። ቤታቸው ውስጥ ያለው ወንበር ሁሉ እግሩ ተቆርጦ በእሷ ልክ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ ጉልበቱ አገጩ ሥር ይገባል። የእሱ ታላቅ ወንድም፣ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው፣ "እናንተ ቤት ስመጣ መዋዕለ ሕፃናት የተመዘገብኩ ይመስለኛል" እያለ ይስቃል። ወንበር አልባሹ ግን ወንበሮቹን ከፍ ሊያደርጋቸው አስቦም አያውቅም። ሚስቱን "ሚጢጢ" ብሎ ይጠራታል፤ ሌላ ሰው በዚህ ስም ሲጠራት ግን ፊቱ ይከብዳል። ቀናተኛ ነህ ቢሉት ይክዳል። ሚጢጢ ግን ታውቀዋለች፤ አውቃም ታልፈዋለች።

በትዳራቸው በአሥራ ስምንተኛው ዓመት ሆስፒታሉ አዲስ የደም መመርመሪያ ማሽን አስመጣና፣ አሠራሩን ተምራ እንድትመጣ ሚጢጢን ለአምስት ሳምንት ባሕር ማዶ ላካት። በረራው አሥራ አራት ሰዓት ነው። ሁለቱም አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ወንበር አልባሹ የሰማውን ሁሉ ሰብስቦ፣ ሰው ተቀምጦ ሲተኛ የሚጎዳው አንገቱ ነው ብሎ ወሰነና፣ የአንገት ትራስ ሰፋላት። እንደ ሙሽራ ቀሚስ ሦስት ጊዜ አስለካት።

እንደ ደረሰች ደወለች። "አንገቴ ደህና ነው" አለች። "እግሬ ግን እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። የወንበሩ ጠርዝ ጭኔን ሲቆርጠው አደረ። መሬት መርገጥ አልቻልኩማ፤ አሥራ አራት ሰዓት ተንጠልጥዬ ነው የመጣሁት። ከአውሮፕላን የወረድኩት የጫማዬን ተረከዝ ረግጬ ነው።"

በዓለም ላይ ካለ ሰው ሁሉ ይህንን ማሰብ የነበረበት ወንበር አልባሹ ነው።

"ስትመለሺ ቦርሳሽን እግርሽ ሥር አድርጊው" አላት።

"ቦርሳዬ ለስላሳ ነው፤ ስረግጠው ይጨፈለቃል" አለች።

አምስቱን ሳምንት እግሯን ሲያስብ ከረመ። የምትመለስ ዕለት ከመንገደኞች መውጫ ፊት ለፊት ቆሞ ሲጠብቅ፣ ከሻንጣዋም ከፊቷም በፊት እግሯን ፈለገ። ጫማዋ በሥርዓት ታስሯል፤ እግሯ አላበጠም፤ እርምጃዋም ቀልጠፍ ያለ ነው። ደስ ሊለው ሲገባ ግራ ገባው።

"እንዴት ሆንሽ?" አላት።

"ቤት ስንገባ አሳይሃለሁ" አለች።

ቤት እንደገቡ ከሻንጣዋ አንድ ግራጫ የጨርቅ ጥቅል አወጣች። ስትዘረጋው ሁለት ረጃጅም ማንጠልጠያዎችና በመሐላቸው ስስ ስፖንጅ የገባበት ማረፊያ ያለው ነገር ሆነ። ማንጠልጠያዎቹን በምግብ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አጥልቃ ተቀመጠችና ሁለት እግሯን እላዩ ላይ አሳረፈች።

"አውሮፕላን ውስጥ ከፊትህ ካለው ወንበር ጀርባ የምትዘረጋ የምግብ ጠረጴዛ አለች። እሷ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። እንደ ቁመትህ ታሳጥረዋለህ፣ ታስረዝመዋለህ። ጭንህ ከወንበሩ ጠርዝ ብድግ ይላል፤ ወገብህም ያርፋል። ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ተነስቼ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ ቁርጭምጭሚቴን አሽከረክራለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ። ስንደርስ እንዳየኸኝ ነኝ።"

"ከየት ገዛሽው?"

"አልገዛሁትም። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ነው የሰጠኝ።"

ወንበር አልባሹ ማንጠልጠያውን ይዳብስ የነበረ እጁን መለሰ። "ምን ዓይነት ሰው?"

"የድልድይ መሐንዲስ። ዓመቱን ሙሉ ከአገር አገር ነው የሚዞረው። ገና ከመነሳታችን እግሬ መንጠልጠሉን አየና፣ የራሱን አውጥቶ አሰረልኝ። ስንወርድ ልመልስለት ስል፣ ቤት ሌላ አለኝ ያዢው አለኝ።"

"እሱ ነው ያሰረልሽ?"

"እንዴት እንደሚታሰር አላውቅማ።"

"ጎንበስ ብሎ?"

ሚጢጢ ሳቀች። "ቆሞ ሊያስረው ነበር እንዴ?"

እሱ ግን አልሳቀም። በቀጣዮቹ ቀናት መሐንዲሱን በቁርጥራጭ ይጠይቃት ጀመር። ምሳ እየበሉ፣ "ያ ሰውዬ ሽማግሌ ነው?" ይላል። "ካንተ ትንሽ ቢበልጥ ነው" ትለዋለች። ልብስ እያጠፉ፣ "አሥራ አራት ሰዓት ስለ ምን ስታወሩ መጣችሁ?" ይላል። "ስለ ድልድይ። ብረት በሙቀት እንደሚረዝም ታውቃለህ? ለዚያ ሲሉ ድልድዩ ላይ ክፍተት ይተዋሉ።" ይህንን ስትናገር ዓይኗ ፈካ አለ። እሱ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ ስፖንጅ ሲያወራላት አንድም ቀን እንዲህ ፈክቶ አላየውም፤ ወይም ፈክቶ ይሆናል፣ አሁን አላስታውስ አለው።

ከሁሉ የባሰው ዕቃው ጥሩ መሆኑ ነበር። እሷ ሥራ ስትሄድ አንስቶ ገለባብጦ አየው። ስፌቱ ድርብ ነው፤ ጨርቁ ላብ አይዝም፤ ሲታጠፍ መዳፍ ላይ ያርፋል። እንከን ፈልጎ አጣበት። እኔ ለምን ይህንን አላሰብኩም አለ፤ የሚቀናው በሰውየው ይሁን በዕቃው እስኪምታታበት ድረስ።

አንድ አርብ ላብራቶሪው ውስጥ የተቀደደ ወንበር አለ ብለው ጠሩት። ሚጢጢ ለሻይ ወጥታ ነበር። አዲሱ ማሽን የተቀመጠበት ጠረጴዛ ከድሮው ከፍ ይላል፤ ከጠርዙ ላይ ግራጫው ጨርቅ ተንጠልጥሏል። እሱ የሠራት የእንጨት መርገጫ ደግሞ ወደ ግድግዳው ተገፍታ፣ የጓንት ካርቶን ተጭኖባታል። ካርቶኑን አንስቶ ቡናማውን ቆዳ በመዳፉ ጠረገው። ከዚያ ካርቶኑን መልሶ አስቀመጠውና ወንበሩን ሰፍቶ ሄደ።

ሚጢጢ ማሳረፊያውን በየሳምንቱ መጨረሻ ልታጥበው ወደ ቤት ታመጣው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ስትወጣ፣ ወንበር አልባሹ ምላጭ ያዘ። የአንዱን ማንጠልጠያ ሥር ገልጦ ክሩን ቆረጠ፤ ሁሉንም አይደለም፣ ከአራት ሦስት እጁን ያህል። በሕይወቱ የሰው ስፌት አበላሽቶ አያውቅም ነበር። ጨርቁን እንደነበረ አጥፎ አስቀመጠው። ቀኑን ሙሉ ሳይጠይቁት እንጨት ሲፈልጥና ቧንቧ ሲጠግን ዋለ።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ሚጢጢ ገባች። ሰላምታ አልሰጠችውም። ማሳረፊያውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ አንደኛው ማንጠልጠያ ተነቅሏል።

"ዛሬ ሥራ ላይ ሳለሁ ተበጠሰ" አለች። "እጄ ላይ የደም ብልቃጥ ነበር። አመለጠኝና ተሰበረ። የአንድ ሽማግሌ ደም ነው፤ የደም ሥራቸው እየጠፋ ስንት ጊዜ ተወግተው የተገኘ። ተመልሰው መጥተው እንደገና ተወጉ።"

ወንበር አልባሹ ጨርቁን እንዳየ አንገቱን ደፋ። "ክሩ አርጅቶ ይሆናል" አለ።

"እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን ክር ሲበጠስ ጫፉ ይንጨባረራል። ይሄ እኩል ተቆርጧል። ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጌ አየሁት።" ከፊቱ ባለችው አጭር ወንበር ላይ ተቀመጠች። "ሰው አሥራ ስምንት ዓመት ከላብራቶሪ ሠራተኛ ጋር ኖሮ እንዲህ ያደርጋል?"

መካድ አማረው፤ አፉ ግን እሺ አላለውም። "እኔ ነኝ" አለ።

"ቀንተህ?"

የተነቀለውን ማንጠልጠያ አንስቶ በጣቱ ላይ ጠመጠመ።

"በማን? ስሙን እንኳ በማላስታውሰው መንገደኛ?"

"እግርሽ መሬት አለመድረሱን አየ" አለ ወንበር አልባሹ። "አይቶም ጎንበስ ብሎ አሰረልሽ።"

"አየ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ ያየዋል። እሱ አይቶ ዝም አላለም፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። አንተስ ያን ጊዜ ማን ነበርክ? ባዳ አልነበርክም?"

"እኮ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የፈራሁት ይህንኑ ነው።"

የሚጢጢ ቁጣ አልበረደም፤ ግን ቅርጹን ለወጠ።

"ፍርሃትህን ለኔ ተወው፤ እኔ እችለዋለሁ" አለች። "እኚያ ሽማግሌ ግን ምን አድርገውሃል? ሐሙስ ውጤት ሊወስዱ ይመጣሉ። መጥተህ ይቅርታ ትላቸዋለህ።"

ከዚያ በኋላ ሁለቱን ቀን አላናገረችውም። ሐሙስ ዕለት ወንበር አልባሹ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከላብራቶሪው በር ላይ ተገኘ። ሽማግሌው ክንዳቸው ላይ የሰኞው ጥጥ እንደተለጠፈ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

"አባቴ፣ ይቅርታ ሊጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ብልቃጡ የተሰበረው በኔ ምክንያት ነው" አላቸው።

ቀና ብለው አዩት። "አንተ ደሞ እዚህ ምንድን ነህ?"

"ወንበር አለብሳለሁ።"

"ወንበር አልባሽ ከደም ምን አገናኘው?"

ምን ማድረግ ይችላል፤ ነገራቸው። ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ መሐንዲሱ፣ ስለ ምላጩ፣ ሁሉንም። ሽማግሌው ሳያቋርጡ አዳመጡና፣ "የገባኝ ይሄ ነው" አሉ፤ "አንተ በሚስትህ እግር ቀንተህ፣ የተወጋው የኔ ክንድ ነው።"

"እንደዚያ ነው፣ አባቴ።"

"እንግዲያው ይህንን አግዳሚ አለስልሰው። እስከ ዛሬ ከመርፌው ይልቅ እሱ ነው የጎዳኝ" አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት በሆስፒታሉ ፈቃድ አግዳሚውን አለበሰው። ግራጫውን ማሳረፊያም አድሶ ሰፋው፤ ከበፊቱ በወፈረ ክር፣ ለአውቶቡስ ወንበር በሚጠቀምበት። ሲሰጣት ስፌቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው። "ከፊቱ ይሻላል" አለች። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እንደ ድሮው ማውራት ጀመሩ።

ስምንት ወር ቆይቶ ለማሽኑ ሁለተኛ ሥልጠና እንደገና ተጠራች። አሁን ወንበር አልባሹ ተዘጋጅቶ ጠበቃት። የራሱን የእግር ማሳረፊያ ሠራ፤ ጠርዙ በቆዳ የተቀመቀመ፣ ስፖንጁ ወፍራም፣ ማጥበቂያው ናስ፣ ለእያንዳንዱ እግር ለየብቻ ጎድጎድ ያለ ማረፊያ ያለው። ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ሚጢጢ አንጠልጥላ ሞከረችውና፣ "ይሄማ አልጋ ነው" አለች። ደስ አላት፤ ዋሽታ አልነበረም።

የጉዞዋ ዋዜማ ግን ሻንጣ ስታዘጋጅ ሁለቱን በሁለት እጇ ይዛ ስትመዝናቸው አያት። የእሱ ከብዷል፤ ሻንጣው ውስጥ ስትከተው የሻንጣውን ግማሽ ያዘ። አንዴ ቀና ብላ አየችውና፣ የእሱን አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠች፤ ግራጫውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ቅር ይልሃል?" አለችው።

"ይለኛል" አለ። "ግን ግራጫውን ያዢ። እሱ ይቀላል።"

ይህንን ብሎ ወደ ጓሮ ወጣና ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ቆመ። ምላጭ አላማረውም። ቅናቱ ግን አልለቀቀውም ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትመለስ ሊቀበላት ሄደ። እግሯ ደህና ነው። ሻንጣዋን ተቀብሎ ወደ መኪናው እየሄዱ፣ ላለመጠየቅ ቢታገልም አልቻለም።

"አጠገብሽ ማን ተቀምጦ ነበር?"

"ማንም" አለች ሚጢጢ። "ባዶ ነበር።"

ወንበር አልባሹ ሳያስበው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ሰምታዋለች። ጥቂት ከሄዱ በኋላ፣ "አሥራ አራት ሰዓት የሚያናግር ሰው ሳይኖር ረጅም ነው" አለች። "መስኮቱን ሳይ ነው የመጣሁት።"

ያኔ አዘነላት። ወንበሩ ባዶ እንዲሆን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲመኝ የከረመው እሱ ነው። ሻንጣውን መኪናው ላይ ጭኖ ሲጨርስ፣ "ቆይ እስኪ" አላት፤ "ብረት በሙቀት ይረዝማል ያልሺኝ፣ ድልድዩ ላይ የሚተዉት ክፍተት ስንት ጣት ይሆናል?"

ሚጢጢ በሩን ከፍታ ገባች። "እሱንስ አልጠየቅኩትም" አለች፤ ቤት እስኪደርሱም ስለዚሁ ሲያወሩ ሄዱ።