ብቻሽን ነይ ያልኳት ሴት

ጎንደር፣ ጠዋት

ወደ አይከል የተነሳሁት ብርቄን ፍለጋ ነው። በባሎቻቸው የሚደበደቡ ሴቶችን በምናማክርባት ክፍላችን ሐሙስ ሐሙስ ትመጣ ነበር። የምታወራው ግን ሁልጊዜ ስለ ጎረቤቷ ነው፤ ጎረቤቴን ባሏ እንዲህ አደረጋት፣ ጎረቤቴ እንቅልፍ የላትም። ያፈረች ሴት የራሷን ቁስል በሌላ ሰው ስም እንደምትናገር በሥልጠና ተምረናል፤ እኔም ገባኝ ብዬ ለጭንቀቷ የሚሆን አተነፋፈስ አስተማርኳት። መጨረሻ በመጣችበት ቀን፣ "ጎረቤቴስ መኖሩም ሰልችቷታል" ስትለኝ ደነገጥኩ። በር አጠገብ ነጠላዋን ተከናንባ የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ጓደኛ ሁልጊዜ ታጅባት ነበር። እሷ ፊት መናገር ከብዷት ይሆናል አልኩና፣ በሚቀጥለው ብቻዋን እንድትመጣ ነገርኳት። "እሽ" አለች፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልመጣችም።

ሚኒባሱ ሞላ ከተባለ በኋላ ሌላ ሦስት ሰው ተጨመረበት። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ጠየቀ፤ ለመከራከር ልብ አልነበረኝም። ከአዘዞ ወዲያ ማሳው ሁሉ በኑግ አበባ ቢጫ ሆኗል። አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ሽምብራ ቆሎ ዘገኑልኝ። ቆረጠምኩት እንጂ ጣዕሙ አልተሰማኝም፤ ሞታስ ቢሆን እያልኩ ነበር።

አይከል

ብርቄን ግቢዋ ውስጥ ጌሾ ስትወቅጥ አገኘኋት። ፊቷ ወዝ አለው፣ ደህና ናት። እፎይ አልኩ። ባሏን አያ ሞላ ይሏቸዋል፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፣ እጄን ያስታጠቡኝም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እኒህ ናቸው የሚደበድቧት? ሽሮው ሲቀርብ በጎሪጥ አየኋቸው። እሳቸው ግን ሳቅ ብለው፣ ምነው ሚስቴን መተንፈስ አስተማርሽብኝ አሉኝ፤ ጠዋት ጠዋት እግሯን መሬት ላይ ተክላ በረጅሙ ስትተነፍስ ልጆቹ ይስቁባታል። የባሰ ግራ ገባኝ።

እሳቸው ወጣ ሲሉ፣ ለምን እንደቀረች ብርቄን ጠየቅኳት።

"ብቻሽን ነይ አልሽኝ። እኔ ብቻዬን መጥቼ ምን ልሁን?"

"የተደበደብሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"እኔ መቼ ተመታሁ አልሁሽ? ጎረቤቴ አልሁሽ እንጅ። አብራኝ ትቀመጥ የለ?"

ጉድ በል ጎንደር! ያቺ ዝምተኛ፣ ይታይሽ፣ ሽማግሎች ከባሏ ሲያስታርቋት የቤቷን ነገር ከአፏ ላታወጣ መስቀል ይዛ ምላለች። ብርቄ ግን አልማለችም። ስለዚህ ብርቄ ትናገራለች፣ ይታይሽ ቁጭ ብላ ትሰማለች። እኔ ደግሞ ጤነኛዋን ሳክም ከርሜ ታማሚዋን አባረርኳት። አፈርኩ፤ ፈራሁም። ይታይሽ ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤቷ ወጥታ አታውቅም።

ባሏ ለሥራ መተማ ወርዶ ስለነበር ብርቄ ጠርታ አመጣቻት። እዚህም በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ምን ልበላት? መሐላሽን አፍርሽ ማለት ከበደኝ። ማንን እያየሁ እንደማወራም ጠፋኝ። ሁለቱንም ይቅርታ ጠየቅኩና ወደ ብርቄ ዞሬ፣ "ጎረቤትሽ ሐሙስ ትመጣ ይሆን?" አልኩ። ብርቄ አፏን ከመክፈቷ በፊት ከነጠላው ሥር ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

"ትመጣለች በያት።"

ጎንደር፣ መልስ

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ ገባሁ። ጉዞው ምን አስተማረሽ ብትሉኝ፣ ከእንግዲህ ገባኝ ለማለት እንደምፈራ ብቻ ነው የማውቀው። መሐላዋን ምን እንደማደርገው ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው።

ሐሙስ ሁለቱም መጡ። ብርቄ ሄዳ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ይታይሽ ፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠችና እግሯን መሬት ላይ ተክላ ቀስ ብላ ተነፈሰች።

"አንዲት ጎረቤት አለችኝ" አለች።